የባንኩ የኪራይ ዕዳ ስንት ነው? አክሲዮን ከመግዛትዎ በፊት እንዴት እንደሚያነቡት

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ከተደረደሩት የባንክ ቅርንጫፎች ብዙዎቹ በሰው ሕንፃ ላይ ተከራይተው የተቀመጡ ናቸው። አክሲዮን ልግዛ የሚል ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ዘንድሮ የትርፍ ድርሻ ስንት ከፈሉ?» ብሎ ነው። ኪራዩን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ በውጭ ኦዲተር የተመረመረውን ዓመታዊ ሪፖርት ያግኙ። የሊቀመንበሩን መልእክትና ፎቶግራፎቹን አልፈው የሀብትና ዕዳ መግለጫውን ይክፈቱ። በሀብት በኩል «ራይት ኦፍ ዩዝ አሴት» (በተከራዩት ንብረት የመጠቀም መብት)፣ በዕዳ በኩል «ሊዝ ላያቢሊቲ» (የኪራይ ዕዳ) የሚሉትን ይፈልጉ። አንዳንድ ባንክ ከሌላ ሂሳብ ጋር ስለሚደምራቸው ዝርዝሩ ያለው ከሂሳብ መግለጫዎቹ በኋላ በሚመጣው ማብራሪያ ውስጥ ነው። አይኤፍአርኤስ 16 የተባለው ዓለም አቀፍ የኪራይ ሂሳብ አያያዝ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጀመሪያ አንስቶ ሥራ ላይ ሲውል ከዓመት የሚያልፍ ኪራይ እዚህ እንዲመዘገብ አደረገ፤ ቀድሞ አብዛኛው ወጪ ተብሎ ብቻ ያልፍ ነበር።

የዕዳው አሃዝ ወደፊት ከሚከፈለው ብር ያንሳል። በዓመት 1.2 ሚሊዮን ብር፣ በየዓመቱ መጨረሻ፣ ለ5 ዓመት የሚከፈል ኪራይ በጠቅላላው 6 ሚሊዮን ነው። በ15 በመቶ ወለድ ወደ ዛሬ ዋጋው ሲመለስ ግን መዝገቡ ላይ 4.02 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ማብራሪያዎቹ ውስጥ የክፍያ ጊዜውን የሚከፋፍለውን ሰንጠረዥ ይፈልጉ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከዚያም በኋላ ስንት እንደሚከፈል ወለዱ ሳይቀነስ የሚያሳየው እሱ ነው።

እኛ አገር ሰውን የሚያሳስተው ቅድሚያ ክፍያው ነው። ለባንክ የሚያከራይ ባለሕንፃ የሁለት የሦስት ዓመት ኪራይ ባንዴ መቀበል የተለመደ ነው። ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ዕዳ ውስጥ አይገባም፤ የሚቀመጠው በሀብት በኩል ነው። የመጠቀም መብት ሀብቱ 900 ሚሊዮን፣ የኪራይ ዕዳው 80 ሚሊዮን የሆነ ባንክ ሲያዩ «ኪራይ አያሳስበውም» አይበሉ። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ጥያቄው መቼ እንደገና ይወጣል ነው። ለግምት ያህል የዚህን ሀብት ቀሪ ዋጋ ለዓመቱ የእርጅና ቅናሽ (በየዓመቱ ከዋጋው ለሚቀነሰው) ያካፍሉት፦ ቅናሹ 300 ሚሊዮን ቢሆን 900 ለ300 ሲካፈል 3 ዓመት ገደማ ይቀራል ማለት ነው። አማካይ ስለሆነ አንዳንዱ ውል ነገ ሊያልቅ ይችላል። ሲያልቅ የሚጠየቀው አዲስ ዋጋ የትኛውም መስመር ላይ የለም፤ አከራዩ ደግሞ እስከዚያ ገበያውን ሲከታተል የቆየ ሰው ነው። እኔ ከዕዳው መስመር ይልቅ ይህን ስሌት አምናለሁ።

የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውንም አይለፉት። ለኪራይ ዕዳ የተከፈለው ዋና ገንዘብ (ወለዱ ሳይጨመር) ያለው ፋይናንሲንግ በሚለው ክፍል ነው። ለአዳዲስ ውሎች የተከፈለው ቅድሚያ የት እንደገባ ከማብራሪያው ያጣሩና ይደምሩት።

ከዕዳው ውጭ የሚቀሩም አሉ። እስከ 12 ወር የሚቆይ ውልና ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ ዕቃዎች ኪራይ እንደ ወጪ ሊያዙ ይችላሉ። ተፈርሞ ገና ያልተጀመረ ውልም ዕዳ ውስጥ የለም፤ ከባድ ከሆነ ማብራሪያው ውስጥ ይጠቀሳል። ውል የማደስ መብት የሚቆጠረው ድርጅቱ እንደሚጠቀምበት በቂ እርግጠኝነት ሲኖር ብቻ ነው።

ባለአክሲዮን ከሆኑ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ እጅዎን አውጥተው ይህችን ይጠይቁ፦ በሚቀጥለው ዓመት የኪራይ ውላቸው የሚያልቅ ቅርንጫፎች ስንት ናቸው? ለማደስስ ስንት ብር ተይዟል?