የሞተር ሳይክል ቻርጅ ችግር ሲፈለግ የሚሠሩ ስህተቶች

ስታርተሩ ተጭኖ "ጠቅ" ብቻ ሲል ፍርዱ ፈጣን ነው፦ ባትሪው ሞቷል። አዲስ ተገዝቶ ይገባል፣ ሞተሩም ይነሳል። ከቀናት በኋላ አዲሱም ይደክማል። አዲስ ባትሪ ኃይል ይዞ ስለሚመጣ ችግሩን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም። ብዙ ጊዜ የሌላውን ጦስ የሚሸከመው ባትሪው ነው።

የደከመ ባትሪ እንደተሰካ ቻርጁን መለካትም ያሳስታል። መጀመሪያ በቻርጀር ሙሉት፤ ከዚያ ጥቂት ሰዓት ሳይነካ ይቆይ። ደህና ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ 12.6 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ያሳያል።

ሌላው በሚኒሞ ለክቶ መደምደም ነው። ሞተሩ በቀስታ ሲዞር፣ በተለይ የፊት መብራት በርቶ፣ 13 ቮልት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ነዳጅ ስጡት። በደቂቃ 5000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ግድም ማየት አለባችሁ። 12 ላይ ከቀረ ቻርጅ የለም። ከ15 ካለፈስ? "በደንብ ይሞላል" ብሎ የሚደሰት አይጠፋም። ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው።

ገንዘብ በብዛት የሚባክነው ግን ስታተር (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የሽቦ ጥቅል) ወይም ሬጉሌተር በግምት ሲቀየር ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ከስታተሩ ሦስት ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ናቸው። ከሬጉሌተሩ ጋር የሚያገናኛቸውን ሶኬት ንቀሉና ሞተሩን አስነሱ። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ላይ አድርጋችሁ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን እያጣመራችሁ ለኩ። ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ላይ ረስቶ "ምንም አይሰጥም" ብሎ ደህናውን ስታተር የሚጥል ስንት አለ! ሦስቱም ንባቦች መቀራረብና ከዙሩ ጋር መጨመር አለባቸው። ትልልቅ ሞተሮች ላይ ከ50 ቮልት ሊያልፍ ስለሚችል ባዶ ሽቦ በእጅ አትንኩ። ከዚያ ሞተሩን አጥፉና ከእያንዳንዱ ሽቦ ወደ ሞተሩ ብረት ኦም ለኩ። ቴስተሩ ግንኙነት ካሳየ ጥቅሉ ተቃጥሎ ብረት ነክቷል፤ ስታተሩ አብቅቶለታል።

ስታተሩ ደህና ሆነ ማለት ግን ወዲያው ሬጉሌተር ግዙ ማለት አይደለም። ሶኬቱን እዩት። ቡናማ የሆነ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል። የዛገ የባትሪ ጫፍ፣ የላላ የኔጌቲቭ ቡሎንና የተቃጠለ ፊውዝም አትለፉ።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ "ካልጠፋ ቻርጅ ያደርጋል" ማለት ደግሞ በፍጹም አይሞከር። ያለ ባትሪም የሚሠሩ ሞተሮች ስላሉ ምንም አያረጋግጥም። ዘመናዊ ኢንጀክሽን ያለው ከሆነ ደግሞ ድንገት የሚዘለው ቮልት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ያኔ ወጪው የባትሪ አይሆንም።

ቻርጁ ደህና ሆኖ ባትሪው አድሮ ከወደቀ፣ በኋላ የተገጠመውን አላርም ወይም ጂፒኤስ ጠርጥሩ። ቁልፉ ተዘግቶ ቴስተሩን በአምፔር መለኪያው ከኔጌቲቩ ጋር በተከታታይ አገናኙት። እያንዳንዱን ፊውዝ ስትነቅሉ ንባቡ የሚወርድበትን መስመር ታገኛላችሁ። በዚህ መሃል ስታርተር አትጫኑ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።