በራስ አፈጣጠር ላይ እንዴት ማስተንተን ይቻላል

ለተፈኩር (ለማስተንተን) በመጀመሪያ ጊዜ መምረጥ ያስፈልጋል። ሰው ከምን እንደተፈጠረ ለማስተንተን ከጁሙዓ (ዓርብ) ቀን የሱብሒ (የንጋት) ሶላት የተሻለ ጊዜ አላውቅም፤ የሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር) ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ሶላት በመጀመሪያው ረከዓ (የሶላት ክፍል) ሱረቱ ሰጅዳ የተባለውን የቁርኣን ምዕራፍ፣ በሁለተኛው ሱረቱል ኢንሳንን ይቀሩ (ያነቡ) ነበር። የመጀመሪያው ሱራ አላህ ሰውን ከጭቃ መፍጠር እንደጀመረ፣ ዘሩንም ከደካማ ውሃ እንዳደረገ (32፥7–8)፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ስሙ የሚነሳ ነገር ያልነበረበት ዘመን እንዳለፈበት (76፥1) ያወሳል። ዐረብኛው የማይገባው ሰው ሐሙስ ማታ የሁለቱን ትርጉም አንብቦ ቢተኛ፣ በማግስቱ ስለ ምን እየተቀራ እንደቆመ ያውቃል።

ከሶላት በኋላ ባጃጅ ከመያዝ በእግር መሄድ ይሻላል። በአቃቂ ወይም በቱሉ ዲምቱ በኩል የሚኖር ሰው፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠውን ጥቁር የዋልካ አፈር በየዕለቱ ይረግጣል። ሱረቱል ሐጅ 22፥5 ከሞት መነሳትን ለሚጠራጠሩ ሰዎች ከአፈር፣ ከዚያም ከፍትወት ጠብታ፣ ከረጋ ደምና ከቁራጭ ሥጋ መፈጠራቸውን ያስታውስና፣ ደረቋ ምድር ዝናብ ሲወርድባት እንደምትላወስ፣ እንደምታብጥና ያማረ ተክል እንደምታበቅል ይነግራቸዋል። አንቀጹን በልብ ይዞ እየተራመዱ በየደረጃው «በዚህ ጊዜ የእኔ ድርሻ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጠብታ የነበረ ሰው ስምም፣ የቤት ካርታም፣ ጂ ፕላስ ቱ የመሥራት ሐሳብም አልነበረውም። መልሱ በሁሉም ደረጃ አንድ መሆኑ ያሰለች ይሆናል፤ ቢሆንም አንድ ደረጃ ለአንድ ጠዋት ይበቃል፣ አይቸኮልም።

በዚህ ሰዓት እነዚህ ደረጃዎች ከፅንስ ሳይንስ ጋር ይስማማሉ አይስማሙም የሚል ክርክር ማንሳት አይመከርም። ክርክሩ የራሱ ቦታ ቢኖረውም፣ ሱረቱ ያሲን 36፥77 የሚወቅሰው ከጠብታ ተፈጥሮ ሳለ ግልጽ ተከራካሪ ሆኖ የተገኘውን ሰው ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ራስን ወደ መናቅ መውረድ ነው። ደካማውን ውሃ ያነሳው የሰጅዳ ሱራ በቀጣዩ አንቀጽ (32፥9) አላህ ሰውን እንዳስተካከለው፣ ከመንፈሱ እንደነፋበት፣ መስሚያን፣ ማያዎችንና ልቦችን እንዳደረገለት ይናገራል። በየሰፈሩ በሚሠራው ሕንፃ ሲሚንቶ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛም የሕንፃው ባለቤትም የመጡት ከዚያው ውሃ ነው፣ የተሰጣቸውም ያው መስሚያና ማያ ነው፤ የባለቤቱ ማስተንተን ፍሬ ማፍራቱ የሚታወቀው ሠራተኛውን በሚጠራበት አጠራርና ሒሳቡን በሚከፍልበት ሰዓት ነው።

ሐዲስ ሰብሳቢው ሙስሊም ከነቢዩ ባልደረባ ከዓሊይ (ረ.ዐ) የዘገበውን የሱጁድ (በግንባር የመስገድ) ዱዓ መሐፈዝም (በቃል መያዝም) ይጠቅማል፤ በውስጡ «ፊቴ ለፈጠረው፣ ለቀረጸው፣ መስሚያውንና ማያውን ለከፈተለት ሰገደ» የሚል መልእክት አለ። በአንድ ጊዜ መያዙ የሚከብደው ሰው አነባበቡን ከመስጂዱ ኡስታዝ ተምሮ፣ መጀመሪያ ብቻውን በሚሰግደው የሌሊት ሶላት ቢለማመደው ይቀለዋል።