የጀሪካን ድንች ሲጠወልግ፦ ችግርና መፍትሄ

ባህር ዳር ላይ ግቢ ያለው ሰው እያነሰ ነው፤ በረንዳ ያለው ግን በሽ ነው። ስለዚህ ድንች በማዳበሪያ ከረጢት፣ በ20 ሊትር ጀሪካንና በቀለም ባልዲ የሚተክለው በዝቷል። ጥሩ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን ስልክ ይበዛብኛል። ፀሐይ እንደሚፈልግ፣ ዘሩ ጎንቁሎ መተከል እንዳለበት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ።

ቅጠሉ ጠወለገ፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው

ከሚደወልልኝ አብዛኛው ይሄ ነው። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፣ ቀትር ላይ ይዝላል። ባለቤቱ "ጠምቶት ነው" ይልና አንድ ጆግ ውሃ ያፈስበታል። በማግስቱ ይብስበታል። አሁን ደግሞ ሁለት ጆግ!

አልጠማውም። ታፍኗል። ሥር አየር ይፈልጋል። በአፈሩ መሀል ያለውን ክፍተት ሁሉ ውሃ ሲይዘው ሥሩ መሥራት ያቆማል፣ ውሃ መሳብም ይሳነዋል። ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ጀሪካኑን ዘንበል አድርጉት። ከታች የገማ እንቁላል የሚሸት ውሃ ከወጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ካልወጣ እጃችሁን በጎን በኩል ሰዳችሁ አንድ ድንች አውጡና ጥረጉት። ላዩ ላይ ያበጡ ነጫጭ ነጠብጣቦች ካያችሁ እነሱ የድንቹ መተንፈሻዎች ናቸው። ውሃ ሲበዛበት አብጠው ይከፈታሉ። መበስበስም የሚገባው በዚያው በር ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። "ቀዳዳ የለውም እንዴ?" ስላቸው "በሚስማር ሁለት ቦታ በስቼዋለሁ" ይሉኛል። ሁለት የሚስማር ቀዳዳ ለጎጃም ክረምት! በአንድ ዝናብ ጭቃ ይደፍነዋል። ብረት አግላችሁ የትንሿን ጣት የሚያህል ቀዳዳ ብሱ፤ ከሥሩ ስምንት ወይም አሥር ይሁን። ከወለሉ ሁለት ጣት ከፍ ብሎም በጎን ዙሪያውን ድገሙት። የታችኛው ቢደፈን የጎኑ ያስተነፍሳል።

ቀዳዳ ኖሮም የማይሠራበት ጊዜ አለ። አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ባልዲዎቻቸውን እንደ ወንፊት በስተዋቸዋል፣ ግን ልጥፍ አድርገው ሲሚንቶ ላይ ደርድረዋቸዋል። "ይኸው በሳሁ አይደል ልጄ፣ ምን ጎደለ?" አሉኝ። አንዱን አንስቼ ብሎኬት ስባሪ ላይ ሳስቀምጠው የታጎረው ውሃ በረንዳውን አቋርጦ እስከ ሳሎን በር ደረሰ። ድንቹ ተረፈ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ የሚያነሱት ስለ ጠቆረው ሲሚንቶ ነው። የሆነ ሆኖ ከሥሩ ጡብም ሆነ ድንጋይ አድርጋችሁ ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርጉት።

ከማዳበሪያ ከረጢት ጋር ሌላ ጣጣ አለ። ውጪው የተሸመነ ስለሆነ ውሃ ያሳልፋል፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ ግን ጠብታ አያስወጣም። አውጥታችሁ ጣሉት! ይሄን የሚረሳ ሰው ብዛቱ ይገርመኛል።

ከሥሩ ጠጠር መደልደል ሁሉም የሚያደርገው ነገር ነው፣ ጥቅም የለውም። ውሃው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ በደቃቁ አፈር ውስጥ ይቀራል እንጂ ቶሎ አይወርድም፤ የረጠበው ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ ይላል ማለት ነው። ቦታውን ለአፈር ተዉት።

አፈሩም ቢሆን ከመንገድ ዳር የተጫነ ጥቁር መረሬ መሆን የለበትም። ውሃ ሲነካው ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ በቂ ነው።

የመጨረሻው የቆርቆሮ ጠፈጠፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለች ዘመዴ "እንዲጠለልልኝ" ብላ ጀሪካኖቹን ልክ ጣሪያው በሚያፈስበት መስመር ደርድራቸው አገኘኋት። የጣሪያው ውሃ በሙሉ አናታቸው ላይ ነበር የሚወርደው። "እቴ፣ ይሄማ አሸንዳ ሥር ማስቀመጥ ነው" ብያት ሁለት ክንድ ወደ ውስጥ ሳብናቸው፤ ሌላ ምንም አላደረግንም።

ካለፈ በኋላ የደረሳችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ብሱ፣ ከፍ አድርጉ፣ ጣታችሁ እስከ ሁለተኛው አንጓ ሲገባ ደረቅ እስኪሆን ድረስ ውሃ አቁሙ። ቢጫ ሆነ ብላችሁ ዩሪያ እንዳትጨምሩ! የግንዱ ሥር ጠቁሮ ከላሸቀ ግን አይመለስም፤ ገልብጡና ደህናውን ለወጥ ልቀሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ ጀሪካን ቢታጠብም ቢዘፈዘፍም አይሆንም። "በኦሞ አጥቤዋለሁ" የሚለውን መስማት ሰልችቶኛል።

አፈሩ ደህና ነው፣ ቅጠሉም አረንጓዴ እንደሆነ ድንገት ጠወለገ

ይሄ አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል። ግንዱን ከሥሩ ቆርጣችሁ በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጫፉን ብቻ ነክራችሁ ያዙት፣ አትነቅንቁት። ትንሽ ቆይቶ ከቁራጩ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ እሱ ነው። መድኃኒት የለውም። ተክሉንም አፈሩንም አርቃችሁ ቅበሩ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ። በዚያ አፈር ቲማቲምም ቃሪያም አትትከሉ፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ ይይዛቸዋል። ቢላዋውንም በበረኪና እጠቡ።

ቅጠሉ ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ ቁስል

ጠዋት ቅጠሉን ገልብጡ። በቁስሉ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ካለ ምች የሚባለው የድንች በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገብቶ ሕዝቡን በረሃብ የጨረሰው ይሄው በሽታ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ይመቹታል። ባልዲ ላይ የተከለ ሰው ማሳ ያለው ገበሬ የማያገኘው ዕድል አለው፤ አንስቶ ጣሪያ ሥር ያስገባል። ቅጠሉ ካልረጠበ በሽታው አይዛመትም። ውሃ ስታጠጡም አፈሩን እንጂ ቅጠሉን አትንኩ። ማንኮዜብ የሚባለው የሚረጭ መድኃኒት ቀድሞ ይከላከላል እንጂ የታመመውን አያድንም። ተክሉን ሙሉ በሙሉ ከጨረሰው አገዳውን ቆርጣችሁ ጣሉና ድንቹን ሁለት ሳምንት አፈር ውስጥ አቆዩት፤ ልጡ ይጠነክራል።

ዘር ስትገዙም ስሙን ጠይቁ። በለጠና ጉዳኔ አሉ፤ ዘንገናና ጓሳ ደግሞ ከዚሁ ከአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው። "ድንች ነው በቃ" የሚል ሻጭ ጋ አትቁሙ።

ላዩ ጫካ፣ ሥሩ ባዶ

ወይ ዩሪያ በዝቷል፣ ወይ ጥላ ነው፣ ወይ ሞቆታል። ድንች የሚቋጥረው አፈሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ነው። እንጅባራ ላይ ይሄ ችግር አይሆንም። ባህር ዳር ላይ ግን ሚያዝያ ላይ ፀሐይ የሚመታው ጥቁር ባልዲ ውስጡ ይንተከተካል። ነጭ ጆንያ አልብሱት።

ሌላ ሌላው

አልበቀለም? ትናንት የተቆፈረ ድንች ነው የተከላችሁት፤ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ብርሃን በሚደርስበት ጥላ ሥር ድንቹን ዘርግታችሁ እስኪጎነቁል ጠብቁ።

ቅንጣት ቅንጣት ሆነ? በአንድ ጀሪካን አራት ዘር ጨምራችኋል። አንድ ይበቃል።

ልጡ አረንጓዴ የሆነው ብርሃን አግኝቶት ነው። መርዝ አለው፣ ለልጆች አትስጡ፤ መቀቀልም አያጠፋውም። አፈር አስታቅፉት።

ልጡ እከክ ከሆነ አመድ ቀንሱ። ከሰል የሚያነድ ቤት ሁሉ አመዱን ባልዲው ላይ ይደፋል።

ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ከያዘው በሳሙና ውሃ እጠቡት። ዶሮ ካላችሁ እሾህ ጣል አድርጉበት።