ከቻይና፣ ከህንድና ከብራዚል ስንማር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰሞኑን አንድ አዲስ የተመደበ የግብርና ባለሙያ ልጅ የወረዳውን የተፋሰስ ዕቅድ እንዳይለት አመጣልኝ። ሽፋኑ ላይ የሎስ አምባ የሚባለው የሰሜን ቻይና ሰፊ ደጋ ፎቶ አለ። ከግርጌ እስከ አናቱ እርከን የተሠራለት፣ የለመለመ ተራራ። ያቺን ፎቶ በምሥራቅ ጎጃም ስንት ዕቅድ ላይ እንዳየኋት ቆጥሬ አልጨርስም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ቻይና፣ ህንድና ብራዚል ያሉበትን የብሪክስ ስብስብ ከተቀላቀለች ወዲህ ደግሞ ብሷል። ከእነዚህ ትልልቅ አገሮች መማር ጥሩ ነው፤ እኔም ብዙ ተምሬባቸዋለሁ። የሚያንገበግበኝ መልኩን ወስደን ሥራውን ስንተው ነው።

ዝናቡን ሳያዩ እርከን መቅዳት

የሎስ አምባ ደረቅ አገር ነው። እዚያ እርከን የሚሠራው ውኃ ለመያዝ ነው። በእኛ በጮቄ ተራራ ዙሪያ ግን በዓመት ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛውም በክረምት ይወርዳል። የእኛ ገበሬ ጭንቀት የተረፈውን ውኃ አፈሩን ሳይነዳ ማስወጣት ነው። ለዚህ ነው ማሳው ላይ ሰያፍ አድርጎ ፈሰስ የሚያወጣው።

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ አባት ማሳ ላይ፣ ልክ እንደተማርኩት፣ ውኃ የሚያቁር እርከን አሠራሁ። ፈሰሱንም አስደፈንኩ። ሐምሌ ላይ ውኃው እርከኑ ሥር ተኛ፤ ስንዴው ቢጫ ሆነ። ነሐሴ ላይ እርከኑ ተደረመሰ። ማሳውን ለሁለት የሚከፍል ቦረቦር ወጣ። «ልጄ፣ እኔ ፈሰስ የማወጣው ሥራ አጥቼ ነው?» አሉኝ። አልተቆጡም። እኔም መልስ አልነበረኝም። ቦረቦሩ ዛሬም አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሆዴን ይበላኛል።

ስለዚህ ልጆች፣ በእኛ ዝናብ እርከኑ ጥቂት ተዳፋት ይኑረው። ውኃውን ሣር ወደለበሰ ማፋሰሻ ይውሰድ። ማፋሰሻው ቀድሞ ይሠራ፤ ሣሩም ሥር ይስደድ። እርከኑ ከዚያ በኋላ ይቆፈር። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ አንጀኒ የሚባል ተፋሰስ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዝናቡም የሚታጠበው አፈርም ሲለካበት የኖረ ቦታ ነው። ከሩቅ አገር ፎቶ በፊት እሱን ሄዳችሁ እዩ።

ክፍያውንና ከብቱን መርሳት

ቻይና እ.ኤ.አ. በ1999 ተዳፋት መሬትን ወደ ደንና ሣር የመመለስ ፕሮግራም ጀመረች። ፎቶው ላይ የማይታየው ነገር ይኸውላችሁ፦ ማሳውን ለለቀቀ ገበሬ እህልና ገንዘብ ተሰጥቶታል፤ በብዙ ቦታም ልቅ ግጦሽ ተከልክሏል። እኛስ? ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡን አስወጥተን ያለ ክፍያ እናስቆፍራለን። እህሉ ከተሰበሰበ ጀምሮ ከብቱ በየማሳው ልቅ ነው። በጥር የተሠራው እርከን ሰኔ ሳይደርስ ይረገጣል። በዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና እናስቆፍርና በሪፖርት እንደ አዲስ እንጽፈዋለን። ይህ የሰው ጉልበት ነው! ከብት አስሮ መቀለብ ያልገባበት የእርከን ዕቅድ አምጥታችሁ አታሳዩኝ። እርከኑ ላይ ደሾ ሣር ትከሉ፤ የታሰረው ከብት እሱን ይብላ።

ኖራ ሁሉን ይፈታል ማለት

ብራዚል ሴራዶ የሚባለውን ሰፊ የሣርና የቁጥቋጦ አገሯን አሲዳማ አፈር በኖራ አክማ አኩሪ አተር አመረተችበት። እውነት ነው። ግን ኖራው ብቻውን አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የግብርና ምርምር ድርጅቷ ኤምብራፓ ለዚያ አገር የሚስማማ ዝርያ አውጥቷል። ሰፋፊ እርሻ፣ ብድርና ትራክተርም ነበረ። ዋጋም አስከፍሏል፤ የሴራዶ የተፈጥሮ ዕፅዋት ግማሽ ያህሉ ተመንጥሯል።

በእኛ በኩል የኖራ ድንጋይ ሞልቷል፤ ከደጀን ሥር የአባይ በረሃ ውስጥ ተኝቷል። የሚከብደው ፈጭቶ ማሳ ማድረሱ ነው። ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ያስፈልጋል። መኪና መንገድ ከሌለበት ቀበሌ ይህን ሁሉ አህያ ነው የሚሸከመው። ዕቅድ ስትጽፉ የፋብሪካውን ዋጋ አትጻፉ፤ ማሳ የሚደርስበትን ጻፉ። ማዳበሪያ ጨምር ከማለታችሁ በፊትም አፈሩን አስመርምሩ። አሲድ በበዛበት አፈር ከማዳበሪያው የሚገኘው ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ ይታሰራል። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል።

ውኃን በነፃ መልቀቅ

የህንዷ ግዛት ፑንጃብ እ.ኤ.አ. በ1997 ለእርሻ ፓምፕ መብራት ነፃ አደረገች። ዛሬ የከርሰ ምድር ውኃዋ በየዓመቱ እየራቀ ነው። ቆጋ መስኖ ላይም ሆነ በየወንዙ ዳር ፓምፕ ስታስቡ ቦዩን ማን ይጠርጋል፣ ከምን ገንዘብ የሚለውን መጀመሪያ ጻፉ።

ችግኝ መቁጠር

የተተከለውን አትቁጠሩ፤ ከሦስት ክረምት በኋላ የቆመውን ቁጠሩ።

በአንድ ዛፍ መመካት

የአዊ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት የተከለው ከሰሉ ስለሚሸጥ ነው፤ ዘመቻ አላስፈለገውም። ይህን በጣም አደንቃለሁ። ግን አገሩ ሁሉ አንድ ዛፍ ሆነና፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሽታ ሲገባ ብዙ ቤት አብሮ ተጎዳ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዛፍ ይኑር።

ልጁ ዕቅዱን ይዞ ተመልሷል። ፎቶውን አውጣው አላልኩትም። ማክሰኞ ጠዋት አብረን እንወጣለን፤ ውኃ ልክና ገመድ ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ የምንሄደው እዚያ ቦረቦር ጋ ነው።