ታብን አትደብድቧት

በቀደም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አንድ ካፌ ቁጭ ብለን፣ እንደኔ ማየት የተሳነው አንድ ተማሪ ድረ ገጽ ላይ አንዲት ዜና ለማግኘት የታብ ቁልፍን ሲደበድባት ሰማሁ። የገጹ ሜኑ አላልቅ ብሎታል። አላስቻለኝም።

ወንድሜ፣ ኤንቪዲኤ የምትጠቀም ከሆነ (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ነፃ ነው) የኤች (H) ፊደልን ተጫን። ከርዕስ ወደ ርዕስ ትዘላለህ። 1 ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ርዕስ ላይ ያሳርፍሃል። ለመመለስ ሺፍት ጨምርበት። ገጹ ርዕስ ከሌለውስ? ያው ያጋጥማል። ኤንን (N) ሞክር፣ የሊንኮቹን ክምር ዘሎ ጽሑፉ ላይ ይጥልሃል። ኢንሰርትና ኤፍ7 አንድ ላይ ከተጫኑ ደግሞ ሊንኮቹ ተዘርዝረው ይመጣሉ።

ፊደሎቹ በድንገት እምቢ ካሉህ አትደናገጥ፤ መጻፊያ ሳጥን ውስጥ ገብተህ ይሆናል። ኢስኬፕ ተጫንና ውጣ።