የናፍጣ መኪናዎን ወደ ሲንቴቲክ ዘይት ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲንቴቲክ ዘይት፣ ማለትም መነሻው በፋብሪካ በኬሚካል ሂደት የተሠራ የሞተር ዘይት፣ ለከባድ መኪና ጥሩ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር። ከደብረ ብርሃን በሌሊት ብርድ ተነስቶ፣ ጣርማበርን ወርዶ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ሚሌ ሐሩር ውስጥ የሚገባ መኪና በአንድ ጉዞ ብርዱንም ሙቀቱንም ያያል። ሲንቴቲክ በብርድ ቶሎ ይፈሳል፤ ሞተሩ ሲነሳ ብሮንዚኖቹም (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ተሸካሚዎች) ቱርቦውም (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ደርቀው አይቆዩም። በሙቀት ደግሞ በቀላሉ አይበላሽም፣ ቱርቦው ውስጥም ቶሎ አይከስልም። ታዲያ ብዙ ባለንብረት ውድ ዋጋ ከፍሎ ይህን ጥቅም ሳያገኝ የሚቀረው ለምንድን ነው? በአመራረጥና በአቀያየር ስህተት ነው።

«ሲንቴቲክ» የሚለውን ብቻ አይቶ መግዛት

ጄሪካኑ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው ለገበያ ነው። ለሞተርዎ የሚያስፈልገው ከጀርባ በትንሹ የተጻፈው ነው። እዚያ «ኤፒአይ» (API፣ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም የዘይት ደረጃ) ከሚለው አጠገብ በ«ሲ» (C) የሚጀምር ደረጃ ይፈልጉ፦ ሲአይ-4 (CI-4)፣ ሲጄ-4 (CJ-4)፣ ሲኬ-4 (CK-4)። «ሲ» የናፍጣ፣ «ኤስ» (S) የቤንዚን ነው። «ኤስኤን» (SN) ብቻ የተጻፈበት ዘይት የቱንም ያህል ሲንቴቲክ ቢሆን ለሲኖትራክ አይሆንም።

ኤፍኤ-4 (FA-4) የሚል ካዩ ይጠንቀቁ። ከሲኬ-4 ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የወጣ ደረጃ ነው፤ ነገር ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ቀጠን ተደርጎ ለአንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች የተሠራ ነው። አምራቹ ካልፈቀደ የቆየ ሞተር ውስጥ አይግባ። በተቃራኒው ጭስ ማውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ያለው አዲስ መኪና አመዱ ዝቅተኛ የሆነ ዘይት ይፈልጋል። ለእሱ ሲአይ-4 መጨመር ማጣሪያውን ቀስ በቀስ በአመድ መድፈን ነው።

ስለ ውፍረቱም ፍርሃት አለ። «15ደብሊው-40 (15W-40) ስጠቀም ኖሬ 5ደብሊው-40 (5W-40) ብጨምር ዘይቱ ይቀጥንብኛል» የሚሉ አሉ። የፊተኛው ቁጥር የብርዱን ነው የሚናገረው። የኋለኛው 40 ሞተሩ ሲሞቅ ያለው ውፍረት ነው፣ እሱ አልተለወጠም። ከ40 ወደ 30 መውረድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የአምራቹ መጽሐፍ ካልፈቀደ አይሞከርም።

የታመመ ሞተርን በዘይት ለማዳን መሞከር

ሰማያዊ ጭስ የሚያጨስ፣ በየጉዞው ዘይት የሚጠጣ ሞተር ብዙ ጊዜ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቱርቦው ተበልቷል ማለት ነው። ሲንቴቲክ የተበላ ብረት አይመልስም። ያው ሞተር አሁን ውዱን ዘይት ይጠጣል፣ በቃ። መጀመሪያ ሞተሩን ያሠሩ።

ከቅያሬ በኋላ ዘይት ማንጠብጠብ ሲጀምር ደግሞ ሁሉም ሲንቴቲኩን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ እውነቱ ሌላ ነው። ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ቀድሞ ደርቋል፤ ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘው የቆየ ዝቃጭ ነበር። አዲሱ ዘይት ዝቃጩን ሲያጥበው ፍሳሹ ወጣ።

አሮጌውን ዘይት በደንብ ሳያወጡ መሙላት

ሞተሩ ትኩስ ሳለ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ብሎን ይፈታ። ጠብታው እስኪቆም ይጠበቅ። ፊልትሮውም ይቀየር፤ አሮጌው ፊልትሮ በሆዱ ቆሻሻ ዘይት እንደያዘ ነው። አሮጌ ሞተር ከሆነ ጠንካራ የማጠቢያ ኬሚካል አልመክርም። ዝቃጩ በአንዴ ተገንጥሎ የዘይት መምጠጫውን ሊደፍነው ይችላል። ከዚያ ይልቅ የመጀመሪያውን ቅያሬ አሳጥረው ዘይቱንም ፊልትሮውንም ቶሎ ይቀይሩ። ሲንቴቲኩ ቀስ እያለ ያጥባል።

የመቀየሪያውን ጊዜ በግምት ማራዘም

ሞተር የሚያስወርደው ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። «ዋጋው እጥፍ ነው፣ ስለዚህ እጥፍ ይሂድ» የሚል ሒሳብ በየጋራዡ ይሰማል። ስሌቱ የሚረሳው ነገር አለ። ሲንቴቲክ ማለት መነሻ ዘይቱ የተሻለ ነው ማለት ነው። ዘይቱን የሚያቆሽሹት ግን ከውጭ የሚመጡ ናቸው፦ የናፍጣ ጥላሸት፣ ከሰልፈር የሚመጣ አሲድ፣ ከኖዝል (ናፍጣ ከሚረጨው አፍንጫ) የሚንጠባጠብ ናፍጣ፣ አቧራ። እነዚህ የዘይቱን ዓይነት አይተው አይቀንሱም። አሲዱን የሚያከሽፈው በዘይቱ ውስጥ ያለው ኬሚካልም ያልቃል። ናፍጣው ሰልፈር በበዛበት ቁጥር ቶሎ ያልቃል።

ኪሎ ሜትሩም ይዋሻል። በጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ተራ ሲጠበቅ በዚያ ሙቀት ሞተር ሳይጠፋ የሚታደርበት ጊዜ አለ። ቆጣሪው ቆሟል፣ ዘይቱ ግን እየሠራ ነው። ብዙ የሚቆም መኪና ከኪሎ ሜትር ይልቅ በሞተር ሰዓት ይቆጠርለት።

ስለ አቧራ አጥብቄ እናገራለሁ። ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ከተሰነጠቀ አቧራው ሳይጣራ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። በፒስታ መንገድ የሚሠራ ገልባጭ በዚህ ሁኔታ ፋሻው በአጭር ጊዜ ያልቃል። ምንም ዘይት አያድነውም።

ጊዜውን በእውቀት ማራዘም የሚቻለው ናሙና ላቦራቶሪ ተመርምሮ ብረቱ፣ አቧራውና ጥላሸቱ ሲለካ ነው። ያ ከሌለ የአምራቹን ጊዜ ይጠብቁ። በቤት የምትሞከር ትንሽ ነገር ግን አለች። ሞተሩን አሙቀው ያጥፉ። ከመለኪያ ዘንጉ አንድ ጠብታ ማጥለያ ወረቀት ላይ ጠብ ያድርጉና ለጥቂት ሰዓት ይተዉት። ጥቁሩ ወደ ዳር እየሳሳ ከተሰራጨ ዘይቱ ጥላሸቱን ገና ተሸክሟል። መሐሉ ላይ እንደ ሬንጅ ተከማችቶ ጠርዙ በጉልህ ከተለየ፣ ዘይቱ አልቆለታል። ከጥቁሩ ውጭ ሰፊ ፈዛዛ ቀለበት ካለ ናፍጣ ገብቷል ብለው ይጠርጥሩ። ሳይጨምሩ የዘይቱ መጠን ከፍ ማለቱም ያንኑ ያመለክታል።

ጥቁረቱን ብቻ አይተው ግን አይፍረዱ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥቂት ቀን ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን ይዞታል ማለት ነው። ቀለሙ የቡና በወተት ከመሰለ ግን ውሃ ገብቷል። መኪናው አይነሳ።

መንገድ ላይ ያገኙትን መጨመር

ሲንቴቲክና ተራ የሞተር ዘይት ቢቀላቀሉ ሞተር አይነድም። ዘይት ጎድሎ ከመንዳት መቀላቀል ይሻላል። ደረጃው ግን ይመሳሰል፤ ከተቀላቀለ በኋላም እንደ ተራ ዘይት ቆጥረው ጊዜውን ያሳጥሩ። ከሁሉ የሚሻለው ከቅያሬ የተረፈውን ጄሪካን ጋቢና ውስጥ ይዞ መውጣት ነው።

ሐሰተኛ ዘይት መግዛት

ውድ ዘይት ሁሌ ተመሳስሎ ይሠራል። የክዳኑ ማሸጊያ ቀለበት ሳይነካ መኖሩን፣ ክዳኑና ጄሪካኑ ላይ የታተመው ቁጥር መመሳሰሉን ይዩ። በቅናሽ ከማያውቁት ሰው አይግዙ። ሐሰተኛ ዘይት እንዳይሞላበት ባዶውን ጄሪካን ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊትም በቢላ ይቅደዱት፣ ክዳኑንም ለብቻ ይጣሉት።