ለአይሱዙ መኪና ጂፒኤስ እንዴት ይገጠማል

ኮምቦልቻ ላይ አይሱዙ ያለው ሰው መኪናውን በዓይኑ የሚያየው ከስንት አንዴ ነው። ደረቅ ወደቡ ላይ ሲጭን፣ ከባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ ሲወርድ፣ በደሴ አድርጎ ወደ ወልድያ ሲሻገር ባለንብረቱ የሚያውቀው ሾፌሩ በስልክ የነገረውን ብቻ ነው። ጂፒኤስ ማስገጠም የተለመደው ለዚህ ነው። ዕቃው መኪናው ያለበትን ቦታ በሲም ካርድ የምትልክ፣ መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ሳጥን ናት፤ የሚወጣላትም አራት አምስት ክር ነው። ለማየት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ጂፒኤሱ ተበላሸ» ተብለው እኔ ጋ ከሚመጡት መኪኖች አብዛኞቹ ላይ ሳጥኗ ደህና ናት፤ የተበላሸው ከረንት የተወሰደበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ከረንት ነው።

ስትገዙ

ከዋጋው በፊት ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። አይሱዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ የታሰረበት የ24 ቮልት መኪና ነው፤ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ዲናሞው ወደ 28 ያደርሰዋል። ሳጥኗ «እስከ 24» የምትል ከሆነች አትግዙ፤ ሱቅ ውስጥ ሠርታ መንገድ ላይ ትቃጠላለች። ከ9 እስከ 36 ቮልት የምትቀበለውን ፈልጉ። ሁለተኛው የምጠይቀው ኔትወርክ በሌለበት ያለፈችበትን ቦታ መዝግባ ይዛ፣ ኔትወርክ ስታገኝ የምትልክ መሆኗን ነው። ከባቲ በታች ለሚሠራ መኪና ይህ የግድ ነው። ሻጩ ዕቃው በሕጋዊ መንገድ የገባ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት እንዲሰጣችሁም ጠይቁ።

ለሥራው ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መበየጃ ከነስታኞው፣ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ፣ የሽቦ ማሰሪያ ፋሼታ፣ የ1 ወይም የ2 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ፣ እና ሁለት ክር የተበየደበት ባለ 24 ቮልት የመኪና አምፖል ያዙ። የ12 ቮልት አምፖል አይሆንም፤ ገና ሲነካ ይቃጠላል።

ሲም እና ቁጥሮቹ

ሲሙን መጀመሪያ ስልክ ላይ ክተቱትና የፒን ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ አጥፉት። *804# ብላችሁ ሂሳቡን እዩ፤ ዳታ ግዙለት። ጥቅሉ ሲያልቅ ባለንብረቱ ስልኩ ላይ በሚያየው ካርታ መኪናው ባለበት ቆሞ ይቀራል፤ ባለንብረቱም ሾፌሩ ተኝቶ የዋለ ይመስለውና ጠብ ይነሳል። ሲሙ በባለንብረቱ ስም ይሁን፤ በረዳቱ ወይም በገጣሚው ስም የወጣ ሲም ኋላ ጣጣ ያመጣል።

ሳጥኗን የምታዝዙባቸው የስልክ መልእክቶች ከዕቃው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አሉ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ ኤፒኤኑ (ዳታው የሚያልፍበት የመግቢያ ስም) ኢቲሲ ዶት ኮም (etc.com) ነው፤ በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ ያለ ክፍተት ይጻፋል። የሰዓት ቀጠናውን በ3 ሰዓት ወደፊት አድርጉ። ካርታው 14 ሰዓት ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ይህን ለባለንብረቱ አስቀድማችሁ አስረዱት።

የይለፍ ቁጥሩን ደግሞ ዛሬውኑ ቀይሩት። ብዙዎቹ ዕቃዎች ከፋብሪካ የሚወጡት በ123456 ነው። የሲሙን ቁጥር ያወቀ ሰው ሁሉ በአንድ መልእክት መኪናችሁ የት እንዳለ ያውቃል ማለት ነው። ሌባን ለመከላከል የገዛችሁት ዕቃ ለሌባው ጠቋሚ ሊሆን አይገባም።

ከረንቱን ከየት እንውሰድ

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

በብዙ ጋራዥ የሚደረገው አቋራጭ ይኸውላችሁ፦ ሳጥኗ የ12 ቮልት ከሆነች ወይም ገጣሚው 24ን ከፈራ፣ ሁለቱ ባትሪዎች ከሚገናኙበት መሐል ላይ ክር ይስባል። ቴስተሩ 12 ያሳያል፣ ሳጥኗ ትበራለች፣ ገንዘቡ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ማንም ከጂፒኤሱ ጋር አያያይዘውም። ሳጥኗ ከረንት የምትጠባው ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ነው። ዲናሞው ግን ሁለቱን በአንድ መስመር፣ በእኩል ከረንት ነው የሚሞላቸው። ስለዚህ አንደኛው ዘወትር ጎደሎ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው ሞልቶም ይሞላል። የሞላው ውሃውን ያፈላል፣ የጎደለው ውስጡ ይበላሻል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 50 ሚሊአምፔር የምትበላ ሳጥን በ24 ሰዓት 1.2 አምፔር አወር ትወስዳለች። መኪናው ጭነት አጥቶ ወር ቢቆም 36 ይሆናል፤ የ70 አምፔር አወር ባትሪ ግማሹ ማለት ነው፣ ያውም ከአንዱ ብቻ። በርበሬ ወንዝ አካባቢ ቆሞ ያየሁት አንድ መኪና ላይ የአንደኛው ባትሪ ጎን አብጦ፣ ክዳኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ጋግሮ ነበር፤ ሁለተኛው ባትሪ ግን አምፖል እንኳ ማብራት አቅቶታል። ባለቤቱ ሁለቱንም ባትሪ ቀይሮ፣ አዲሶቹም ከዚያችው የመሐል ክር ጋር ተመልሰው ታስረው ነበር። ስለዚህ ማንም ቢላችሁ ከመሐል አትውሰዱ። ሳጥኗ 24 የማትችል ከሆነች ወይ ቀይሯት፣ ወይ ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ሙሉ 24 ቮልት ባለው መስመር ላይ አስገቡ።

ከባትሪው ራስ በቀጥታ መሳብስ? እሱንም አልወደውም። የአይሱዙ ባትሪ ሻንሲው ላይ ነው፣ ካቢናው ደግሞ ሞተር ለማየት ወደፊት ይጋደማል። በዚያ መሐል ያለፈች ቀጭን ክር ካቢናው በተጋደመ ቁጥር ትሳባለች፣ ትፋቃለች፣ አንድ ቀን ብረት ነክታ ትቃጠላለች። ካቢናው ውስጥ ያለው የፊውዝ ሳጥን ይበቃችኋል።

የምትፈልጉት ሁለት መስመር ነው። አንደኛው ቁልፉ ወጥቶም ከረንት ያለው ነው፤ የካቢና መብራት ወይም የአደጋ ማስጠንቀቂያ መብራት መስመር ጥሩ ነው። የሳጥኗ ቀይ ክር ወደዚህ ይሄዳል። ሁለተኛው ቁልፉ ሲዞር ብቻ የሚመጣው ነው፤ ሳጥኗ ሞተር መነሳቱን የምታውቀው በሱ ነው። የክሩ ቀለም ከዕቃ ዕቃ ስለሚለያይ ወረቀቱን እዩ። ቴስተሩን ዲሲ 200 ላይ አድርጉ፤ 20 ላይ ካደረጋችሁት ለ24 ቮልት ምንም አያነብም።

ቴስተር ግን ብቻውን አይታመንም። ዝጎ በአንድ ፀጉር የተንጠለጠለ ሽቦም ቴስተሩ ላይ 24 ያሳያል፤ ቴስተሩ ከረንት ስለማይጠይቀው ነው። ባለ 24 ቮልት አምፖሉን አስነኩት። ደምቆ ከበራ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ቢጫ ሆኖ ከደበዘዘ ሌላ ፈልጉ።

ማሳውም፣ ማለትም ጥቁሩ ክር ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበት ቦታ፣ እንደዚሁ ነው። ዳሽቦርድ ሥር ያገኙትን ብሎን ፈትቶ ጥቁሩን ክር መቆንጠጥ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ብሎኑ የሚቆመው ቀለም ላይ ወይም ፕላስቲክ ላይ ነው። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቃችሁ እሰሩ። ከዚያ የፊት መብራቶቹን አብሩና የቴስተሩን አንድ ጫፍ ማሳው ላይ፣ ሌላውን ከሻንሲው ጋር በታሰረው የባትሪ ኔጋቲቭ ላይ አድርጋችሁ ለኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ደካማ ነው። ቀን ደህና ውላ ማታ መብራት ሲበራ የምትጠፋ ጂፒኤስ ካያችሁ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ማሰር

ከመንካታችሁ በፊት ከሻንሲው ጋር የታሰረውን የባትሪ ኔጋቲቭ ፍቱ፤ ስትጨርሱም መጨረሻ የምታስሩት እሱን ነው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ የምትፈቱበት የብሎን ቁልፍ ሻንሲ ከነካ ብልጭታው ዓይን ያጠፋል።

ፊውዙ ከረንቱ ከተወሰደበት ቦታ አጠገብ ይሁን፣ በሳጥኗ በኩል አይደለም። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ከፊውዙ በፊት ብረት ከነካ ማንም አያድነውም። ፊውዝ ጠፍቶ የመዳብ ክር የተጠቀለለበት መኪና ካያችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

መገጣጠሚያው ላይ ክር አጠማዞ በናስትሮ መጠቅለልን ተዉት። በኮምቦልቻና በደሴ መሐል ያለው የሐረጎ መንገድ ንዝረት ያላላዋል፣ የሚሌ ሙቀት ደግሞ የናስትሮውን ሙጫ አቅልጦ ያንሸራትተዋል፤ ክሩ ዕራቁቱን ይቀራል። በየዱት፣ ላስቲኩን አልብሱት፣ ከዚያም ከብየዳው ግራና ቀኝ በፋሼታ ከወፍራም ሽቦ ጋር እሰሩት። ብየዳ ያለበት ቦታ ግትር ስለሚሆን እየተንቀጠቀጠ ጠርዙ ላይ ይሰበራል፤ ፋሼታው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሳጥኗ የት ትቀመጥ

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው፤ የሚደርሰን ምልክት እጅግ ደካማ ነው፤ ብረት ፈጽሞ አያሳልፈውም። ቦታዋን ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይት ማየት አለባት። ስለዚህ በዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ሥር፣ ለፊት መስታወቱ ቀረብ አድርጋችሁ፣ አንቴናው ያለበትን ፊቷን ወደ ሰማይ አዙሩ። ብረትነት ያለው የፀሐይ መከላከያ ላስቲክ የተለጠፈበት መስታወት ምልክቱን ይቀንሳል።

ዳሽቦርዱ ላይ በግልጽ አታስቀምጧት። ውስጧ ሊቲየም ባትሪ አለ፤ የአፋር ፀሐይ ያሳብጠዋል። ወንበር ሥርም አይሆንም፣ የአይሱዙ ሞተር እዚያው ሥር ነው። ከቴፑም አርቋት፤ መልእክት በላከች ቁጥር ድምጽ ማጉያው ውስጥ «ጥርርር» የሚል ድምጽ ትለቃለች፣ ሾፌሩም ተናድዶ ይነቅላታል።

ሞተር ማጥፊያውን አትግጠሙ

ከዕቃው ጋር ሪሌ አብሮ ይመጣል፤ በስልክ መልእክት ሞተር የሚያጠፋ ነው። ገዢዎች በጣም ይወዱታል። እኔ አልገጥምም። ሞተር ሲጠፋ የመሪው ኃይል ይሄዳል፤ የፍሬኑን አጋዥ የሚሞላው አየር ወይም ቫኪዩምም ይቆማል፣ ሾፌሩ ጥቂት ጊዜ ከረገጠ በኋላ ፔዳሉ ይደርቅበታል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወደ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርድ ነው። እዚያ ኩርባ ላይ የተጫነ መኪና በስልክ ማጥፋት ሰው መግደል ነው፤ ሌባም ቢነዳው መንገዱ ላይ ሌላ ሰው አለ።

የግድ ካላችሁ ሪሌው ሞተር የሚያስነሳውን የሞተሪኖውን ትንሿን የማዘዣ ክር ብቻ ይቁረጥ። መኪናው ሲሄድ አይነካውም፤ አንዴ ከጠፋ ግን አይነሳም። ሪሌው ባለ 24 ቮልት መሆኑን አረጋግጡ፤ አብሮ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የ12 ነው፣ ውስጡ ያለው ኮይል (ጥቅል ሽቦ) ይቃጠላል።

ሙከራ

መኪናውን ከጣሪያ ሥር አውጥታችሁ ሰማይ በሚታይበት አቁሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትበራ ታገሡ፤ የሳተላይቶቹን ሙሉ ዝርዝር ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ቦታዋን ቀድማ ብታሳይም ያን ያህል ጠብቋት፣ ከዚያ በኋላ ፈጣን ትሆናለች።

ቀጥሎ ወደ ደሴ ውጡ። በየደቂቃው ብቻ እንድትልክ ካደረጋችኋት፣ ካርታው ላይ የሐረጎ ኩርባዎች ይጠፉና መኪናው ገደሉን አቋርጦ የበረረ ይመስላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ይሄዳልና። ብዙዎቹ ሳጥኖች መኪናው ሲታጠፍ ተጨማሪ ነጥብ እንዲልኩ ማዘዝ ይቻላል፤ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አድርጉት። መስመሩ መንገዱን ተከትሎ ይታጠፋል፣ ዳታውም አያልቅም።

ማታ ሞተር ካጠፋችሁ በኋላ የሁለቱን ባትሪዎች ቮልት ለየብቻ ለኩና ጻፉት። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ድገሙት። ሁለቱም እኩል ትንሽ ቢቀንሱ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከወረደ ከረንቱ ከመሐል እየተወሰደ ነው ወይም ባትሪው ራሱ ደክሟል።

ይህን ሁሉ ስትሠሩ ሾፌሩ አጠገባችሁ ይኑር። በድብቅ አስገጥመው የተጣሉ ሰዎችን አውቃለሁ። አንድ ሾፌር ሳጥኗን ዳሽቦርድ ሥር ሲያገኛት ቁልፉን ለባለቤቱ ሰጥቶ፣ «ጋሼ፣ ካላመኑኝ ለምን ልጆችዎን ላሳድግልዎ ብዬ ሌሊት እነዳለሁ?» ብሎ ወርዶ ሄዷል፤ ጥሩ ሾፌር ነበር። ፊውዟ የት እንዳለች ለሾፌሩ አሳዩት፣ ሁለት መጠባበቂያ ፊውዝም ስጡት። ሚሌ ላይ ብትቃጠል መቀየር የሚችለው እሱ ነው። የሲሙን ቁጥር፣ የፊውዙን ቦታና የክሮቹን ቀለም በወረቀት ጽፋችሁ ከሊብሬው ፎቶ ኮፒ ጋር አስቀምጡ፤ ቀጥሎ መኪናውን የሚከፍተው ኤሌክትሪሺያን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።